ከዘር ለማብቀል የትኛዋን ድሮሴራ ልምረጥ?

የመጀመሪያው የዘር ፖስታ ሲደርሰኝ ባዶ የላኩልኝ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን ገልብጬ ላራግፈው ስል ባለቤቴ እጄን ያዘኝ። «ቆይ እስኪ፣ ጥጉ ላይ አቧራ አለ» አለኝ። አቧራው ዘሩ ነበር። ሃምሳ ምናምን ፍሬ። ጤፍ ከጎኑ ቢቀመጥ ባቄላ ይመስላል።

ያቺ አቧራ ዛሬ መስኮታችን ላይ ትንኝ እየበላች ነው። ድሮሴራ ትባላለች። ቅጠሏ በቀያይ ጸጉሮች ተሸፍኗል። በእያንዳንዱ ጸጉር ጫፍ ላይ አንዲት የምታብረቀርቅ ጠብታ አለች። ስሟም የመጣው ጤዛ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው። ይህ ጤዛ ግን ቀትር ላይም አይረግፍም። ሙጫ ነዋ! ትንኟ መጥታ ታርፋለች፣ እግሯ ይያዛል፣ በታገለች ቁጥር ሌሎቹ ጸጉሮች ወደ እሷ ይጎነበሳሉ። ተክሏ የምትበቅለው ምንም በሌለው ድሃ ረግረግ ላይ ስለሆነ ከሥሯ ያጣችውን ናይትሮጂን በቅጠሏ አድና ታገኛለች።

ከ200 በላይ ዝርያ አላት። አዲስ ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ፎቶ አይቶ፣ ያማረችውን መርጦ፣ ዘሯን ያዛል። ከዚያ ሦስት ወር ባዶ ጭቃ ሲያይ ይከርምና ይተወዋል። እኔም እንደዛው ነው የጀመርኩት። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ «የትኛዋ ታምራለች?» የሚለውን እናቆየውና «ለዘር የምትሆነው የትኛዋ ናት?» ከሚለው እንነሳ እላለሁ። አንዳንዷ ከዘር ሌላ መንገድ የላትም ማለት ይቻላል። አንዳንዷ በዘርም በቅጠልም ይሆንላታል። አንዷ ደግሞ ዘሯን መግዛት ብር መጣል ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ላጥራ። አብቃዮች «ትሮፒካል» የሚሏቸው ሁሉ ከሞቃት አገር የመጡ አይደሉም። ቅዝቃዜ ሲመጣ የማይተኙትን፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠል የሚያወጡትን ነው እንደዛ የሚሏቸው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው አራቱም ከእነዚህ ወገን ናቸው። ለእናንተ ጥቅሙ ዘራቸውን በቀጥታ መዝራት መቻላችሁ ነው። እንደ ሮቱንዲፎሊያ ያሉት የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ብርዳማ ቦታ ዝርያዎች ግን ዘራቸው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እርጥብ ሆኖ ፍሪጅ ውስጥ ካልቆየ ክረምቱ ያለፈ አይመስለውም፣ አይነቃም። ስለ እነሱ ሌላ ጊዜ።

ካፔንሲስ፦ የማታሳፍረዋ

አገሯ የደቡብ አፍሪካው ኬፕ ነው። ቅጠሏ ረጅምና ቀጭን ነው። ጠዋት የተያዘች ዝንብ ከሰዓት በኋላ ስትመለሱ ቅጠሉ ራሱ እንደ እንጀራ ጠቅልሏት ታገኛላችሁ። ልጆች የሚወዱትም ይህንን ነው። ልጆቹን ሰበብ አደረግኩ እንጂ እኔም ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።

ዘሯ በቂ ሙቀትና ብርሃን ካገኘ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ውስጥ ይበቅላል። አንድ ዓመት ሊሞላት ሲል ታብባለች። ረጅም ዘንግ ታወጣና ሮዝ አበቦቿን ተራ በተራ ትከፍታለች። የዛሬዋ ጠዋት ተከፍታ ከሰዓት ትዘጋለች፣ ነገ ቀጣይዋ። ንብ አትፈልግ፣ ብሩሽ አትፈልግ፣ ራሷ ለራሷ ዘር ትይዛለች። ከአንድ ዘንግ የሚገኘው ዘር ለሰፈሩ ይበቃል።

ችግሯም ይኸው ነው። አረም ናት። ከጎኗ የተቀመጠ ውድ ተክል ካላችሁ በሚቀጥለው ዓመት መትከያው ውስጥ የካፔንሲስ ልጆች ታገኛላችሁ። አንዳንድ የቆዩ አብቃዮች በዚህ ምክንያት ይንቋታል። እኔ አልንቃትም። ውሃ አጥሯት ወይም ብርድ መቷት ከላይ ያለው ቅጠሏ ሙሉ በሙሉ ቢደርቅ እንኳ ብዙ ጊዜ ከሥሯ እንደገና ታቆጠቁጣለች። አንድ ጊዜ ለሁለት ሳምንት ቤት ዘግተን ሄደን፣ ስንመለስ ጭድ ሆና ነበር። መጣሉ ሰንፎኝ ውሃ ውስጥ ተውኳት። ከአንድ ወር በኋላ አፈሩን ቀድዶ አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። ይህን የምታደርግ ጀማሪን የምትታገስ ተክል ሌላ አላየሁም።

ነጭ አበባ ያላት፣ ሁለመናዋ የምትቀላ፣ ቅጠሏ ሰፋ ያለ የሚባሉ መልኮች አሏት። ለመጀመሪያ ጊዜ ተራዋን ዝሩ። ብዙ ዘር በትንሽ ዋጋ የሚገኘው የእሷ ነው።

ስፓቱላታ፦ ቦታ ለሌለው

ይህቺ መሬት ላይ ተነጥፋ የምትኖር ክብ ተክል ናት። ስፋቷ ከአንድ ብር ሳንቲም ትንሽ ይበልጣል። ቅጠሎቿ የማንኪያ ቅርጽ አላቸው፣ ስሟም ከዚያው ነው። ከጃፓንና ከቻይና ጀምሮ በደቡብ ምሥራቅ እስያ አልፋ እስከ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ትገኛለች። እንዲህ የተንሰራፋች ስለሆነች ከየቦታው የመጣችው መልኳ ይለያያል።

የመብቀያ ጊዜዋ ከካፔንሲስ ብዙም አይለይም። እሷም ራሷን ችላ ዘር ትይዛለች። አንድ የእርጎ ብርጭቆ አምስት ስድስቱን ይይዛል። ጥሩ ብርሃን ካገኘች እንደ ደም ትቀላለች። የማልወድላት ነገር ቢኖር የስም ውዥንብሯ ነው። በእሷ ስም የሚሸጠው ዘር ብዙ ጊዜ ቶካየንሲስ የምትባለው የጃፓን ዘመዷ ወይም ሌላ ክብ ዝርያ ሆኖ ይገኛል። ለመስኮት ጌጥ ከሆነ ግድ የለም። ስሟን በትክክል ለሚፈልግ ግን ከሚያውቀው አብቃይ ይውሰድ።

ቡርማኒ፦ እንደ እህል የምትዘራው

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከዘር ማብቀል ማለት ምን እንደሆነ ያስተማረችኝ እሷ ናት።

ቡርማኒ ከህንድ እስከ ሰሜን አውስትራሊያ ባለው ሞቃት ምድር የምትበቅል ትንሽዬ ክብ ተክል ናት። ስታዩዋት ስፓቱላታን ትመስላለች፣ ግን ሲነኳት ሌላ ናት። በቅጠሏ ዳር ዳር ሙጫ የሌላቸው ረዣዥም ጸጉሮች አሉ። ጉንዳን ሲነካቸው በሰከንዶች ውስጥ ተገልብጠው ወደ መሃሉ ሙጫ ይወረውሩታል። የካፔንሲስን ቅጠል ሲታጠፍ ለማየት ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያስፈልጋል። የቡርማኒን ጸጉር ግን ዓይናችሁን ካርገበገባችሁ ያመልጣችኋል።

ዕድሜዋ አጭር ነው። ሙቀት ካገኘች ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ ትበቅላለች፣ በአራት ወይም በአምስት ወር ታብባለች፣ ዘሯን ሰጥታ አብዛኛውን ጊዜ ትሞታለች። ቅጠሏን ቆርጦ ማራባት ደግሞ ከስንት አንዴ ቢሳካ ነው። ስለዚህ ቡርማኒን መያዝ ማለት ዘሯን መያዝ ማለት ነው። እንደ ገበሬ ዘንድሮ ታጭዳላችሁ፣ ከርሞ ትዘራላችሁ። ዘር ያላስቀመጠ ሰው ቡርማኒ የለውም።

ይህንን የተማርኩት አንድ ጊዜ ዘሯን ከነፍሬው ትቼ «ቅዳሜ እሰበስበዋለሁ» ብዬ ነው። ቅዳሜ ሲመጣ ፍሬው ተከፍቶ፣ ዘሩ ውሃ ባለበት ትሪ ውስጥ ፈስሶ፣ እናቲቱም ጠቁራ ነበር። ትሪውን ደግሞ ዐርብ ማታ አጥቤዋለሁ። በቃ፣ ያ ዘር እዚያው ላይ አለቀ። እንደገና ከሰው ለመንኩ።

ብርድ አትወድም። ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች ሲወርድ ማደግ ታቆማለች። ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ሲሆን ግን ከሁሉም ቀድማ ትደርሳለች። ትዕግሥት ለሌለው ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ ካፔንሲስ ሳትሆን ይህቺ ናት፣ ቤቱ ሞቃት ከሆነ።

አዴላ፦ ዘሯን አትግዙ

ከሰሜን ምሥራቅ አውስትራሊያ፣ ከክዊንስላንድ ዝናባማ ጫካ የመጣች ውብ ተክል ናት። ቅጠሏ እንደ ጦር ጫፍ ሾጣጣ ነው። ጥላና እርጥበት ትወዳለች። የፀሐይ ብርሃን እንደ ልብ በማይገኝበት ቤት ከሌሎቹ ሁሉ የምትሻል እሷ ነች። ታዲያ ምን ችግር አለ?

ራሷን በራሷ አታዳቅልም። ዘር እንድትይዝ በዘር የማይመሳሰሉ ሁለት ተክሎች በአንድ ጊዜ ማበብ አለባቸው። በየቤቱ ያለችው አዴላ ደግሞ አብዛኛዋ ከአንዷ ሥር እየተቆረጠች የተባዛች ናት። ስለዚህ እውነተኛ የአዴላ ዘር እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አይደለም። በኢንተርኔት በርካሽ «100 የአዴላ ዘር» የሚል ስታዩ እለፉት። እኔ አንዱን ገዝቻለሁ። ከበቀሉት ውስጥ ሁሉም ካፔንሲስ ሆኑ። ሻጩን ስጠይቀው «ሲያድጉ ይለወጣሉ» አለኝ። እስካሁን አልተለወጡም።

ለአዴላ መንገዱ ሥሯ ነው። ከመትከያው ሥር በሥር ሄዳ ከጎን ሕፃናት ታበቅላለች። ትንሽ ተክል ገዝታችሁ አንድ ዓመት ብትቆዩ አምስት ይሆኑላችኋል። ቅጠሏንም ቆርጦ እርጥብ ስፋግነም፣ ማለትም የረግረግ ሽበት፣ ላይ ማስተኛት ይሠራል። በነገራችን ላይ የካፔንሲስና የስፓቱላታ ቅጠልም በንጹሕ ውሃ ላይ ቢንሳፈፍ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከላዩ ትንንሽ ተክሎች ያወጣል። ቶሎ ትልቅ ተክል የሚፈልግ ሰው ቅጠል ይለምን። ዘር ብዛት ይሰጣል፣ ቅጠል ጊዜ ይቆጥባል።

ስለ ኢንዲካ የሚጠይቁኝ አሉ። እሷም አንድ ወቅት ኖራ የምትሞት ናት። ሙቀት አጥብቃ ትፈልጋለች፣ ዘሯም አልፎ አልፎ አልበቅልም ብሎ ያስቸግራል። የሰሜን አውስትራሊያዎቹ ባለ ሱፍ ፔቲዮላሪስ ዝርያዎች ደግሞ የሚፈልጉት ምድጃ ነው እንጂ መስኮት አይደለም። ቡርማኒን ሁለት ጊዜ ከዘር እስከ ዘር ካደረሳችሁ ወደ እነሱ ሂዱ።

ውሃው ከዝርያው ይብሳል

ዝርያ መርጣችሁ ውሃውን ካበላሻችሁ የመረጣችሁት ሁሉ ከንቱ ነው። ድሮሴራ ማዕድን ያለበት ውሃ ቀስ እያለ ይገድላታል። ዛሬ አታዩትም። በሁለተኛው ወር ቡቃያው አያድግም፣ ጤዛው ይጠፋል፣ ቅጠሉ ከጫፉ ይጠቁራል።

በውሃ ውስጥ የሟሟ ማዕድን መለኪያ ያለው ሰው ከ50 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 50 እጅ) በታች ይፈልግ። መለኪያ ለሌለው ማንቆርቆሪያውን ከፍቶ ማየት ይበቃል። ሻይ የምታፈሉበት ማንቆርቆሪያ ውስጡ ነጭ ቅርፊት ከጋገረ ያ ውሃ ለእሷ አይሆንም። ማፍላት መፍትሔ አይደለም። ሲፈላ ውሃው ይቀንሳል፣ አብዛኛው ማዕድን እዚያው ይቀራል። የታሸገ ውሃም ቢሆን ማዕድን አለው። አምቦ ውሃማ አይታሰብ!

እኔ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ በጋሎን የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ እገዛለሁ፣ ጽሑፉ ላይ ዲስቲልድ የሚለውን። «ስፕሪንግ» የሚለው የምንጭ ውሃ ነው፣ ለእናንተ እንጂ ለእሷ አይሆንም። አዲስ አበባ ያለ ሰው የክረምቱን ዝናብ ያጠራቅም። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው ዝገትና አቧራ ይዞ ስለሚመጣ ንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ሜዳ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። ለበጋው ደግሞ የመኪና መለዋወጫ ቤት የሚሸጠው የባትሪ ውሃ አለ። ሲገዙ ግን ተጠንቀቁ። የሚፈለገው ለመሙያ የሚሆነው የተጣራ ውሃ ነው። አሲዱ ከጎኑ በተመሳሳይ ጠርሙስ ሊቀመጥ ይችላል። ጽሑፉን ሁለቴ አንብቡ፣ ሻጩንም ጠይቁ።

አጠጣጡ ቀላል ነው። ከሥሩ ቀዳዳ ያለውን ብርጭቆ አንድ ወይም ሁለት ሴንቲሜትር ውሃ ያለበት ትሪ ውስጥ ማቆም ብቻ። ከላይ ማፍሰስ የለም። ከላይ ያፈሰስኩ ቀን ዘሩ ሁሉ ተንሳፍፎ አንድ ጥግ ተሰበሰበ። አርባ ቡቃያ በአንድ ጣት ቦታ ላይ ተፋፍጎ በቀለ።

ፒት በአሸዋ ወይስ ስፋግነም?

የጓሮ አፈር፣ ብስባሽ፣ ፍግ፣ ማዳበሪያ፣ ይህ ሁሉ አይሆንም። ለቲማቲም ደግ የሆነ ሁሉ ለድሮሴራ መርዝ ነው። የሚሠሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ፒት ሞስ (ረግረግ ውስጥ በከፊል የበሰበሰ የስፋግነም ቅሪት) ከታጠበ አሸዋ ጋር ግማሽ በግማሽ ወይም ሁለት እጅ ለአንድ። ሌላው ስፋግነም የሚባለው ረጅም የረግረግ ሽበት።

ለትልቅ ተክል ሁለቱም ጥሩ ነው። ለዘር ግን ያለ ማመንታት ፒት በአሸዋ እላለሁ። ስፋግነሙ ሸካራ ስለሆነ አቧራ የምታክለው ዘር ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ብርሃን ታጣለች። ሕይወት ያለው ስፋግነም ከሆነማ ይባስ ብሎ ራሱ አድጎ ቡቃያውን ይውጠዋል። ፐርላይት የሚባለውን ነጭ ቀላል ድንጋይም ለትልቁ እንጂ ለዘር አልወደውም። ድንጋዮቹ ከቡቃያው እጥፍ ድርብ ይበልጣሉ፣ ውሃ ሲነካቸውም ይንሳፈፋሉ።

ፒት ስትገዙ ከረጢቱን አገላብጣችሁ አንብቡ። ማዳበሪያ የተጨመረበት ብዙ ነው። ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ቸኩዬ ሳላነብ ገዛሁ። ቡቃያዎቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ በአንድ ቡናማ ሆኑ፣ አፈሩ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ለመለመ። ኮኮፒት፣ ማለትም የኮኮናት ልጣጭ ብናኝ፣ ብቻ የሚያገኝ ሰው ሊሞክር ይችላል፣ ግን ከነጨው ስለሚመጣ በተጣራ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ግድ ነው። አሸዋውም የወንዝ አሸዋ ከሆነ ጥቂቱን ኮምጣጤ ውስጥ ጨምሩት። ከተፍለቀለቀ ኖራ አለበት፣ አትጠቀሙበት።

ደረቅ ፒት ውሃ አይቀበልም፣ እንደ ዳክዬ ላባ ያንሸራትተዋል። ትኩስ ውሃ አፍስሱበትና እንደ ሊጥ አሹት። ከዚያ ቀዝቅዞ ብርጭቆው ውስጥ ይግባ። የሸክላ ዕቃ ማዕድን ስለሚያወጣ ፕላስቲክ ይሻላል። የእርጎ ብርጭቆ በቂ ነው። ለካፔንሲስ ግን ሥሯ ረጅም ስለሆነ ኋላ ላይ ጠለቅ ያለ ትፈልጋለች።

አዘራሩ

ጤፍ የዘራ ሰው አይቸገርም። መበተን ነው፣ አለመሸፈን ነው። ዘሩ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ነጭ ወረቀት መሃሉን አጥፉ፣ ዘሩን ጨምሩ፣ እጥፋቱን ወደ ብርጭቆው አዘንብላችሁ በጣት ጫፍ ቀስ ብላችሁ መታ መታ። ማራገቢያ ይጥፋ፣ መስኮት ይዘጋ፣ ማስነጠስም ክልክል ነው። ዘሩ እኩል አልበተን ካላችሁ ከትንሽ ደረቅ አሸዋ ጋር ቀላቅሉት።

ከዚያ ብርጭቆውን በሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ አስገቡት። ክፍቱን የሚተዉ አሉ፣ ይሠራላቸዋል፣ ግን የቤታቸው አየር እርጥብ ነው። ክረምት ላይ ማሞቂያ ባለበት ወይም ሙሉ ቀን ኤሲ በሚሠራበት ቤት የአፈሩ ገጽ በአንድ ቀን ይደርቃል። የነቃ ዘር አንዴ ከደረቀ አይመለስም። ሻጋታ ብቅ ካለ ከረጢቱን በቀን ለጥቂት ሰዓት ከፈት አድርጉት። ከረጢቱን ቀጥታ ፀሐይ ላይ ግን አታስቀምጡ። ሰኔ ላይ አንድ ቀን ረስቼው ከሥራ ስመለስ ውስጡ እንፋሎት ነበር። ቀቅያቸዋለሁ።

መስኮት ወይስ መብራት?

እንደ አገሩ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ቀኑ 12 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ፀሐዩም ብርቱ ነው። ደህና ብርሃን የሚያስገባ መስኮት በቂ ነው፣ መብራት መግዛት ትርፍ ወጪ ነው። ሜሪላንድ ወይም ስቶክሆልም ላለ ሰው ግን ከኅዳር እስከ የካቲት የመስኮት ብርሃን ለቡቃያ አይበቃም። ተራ ነጭ ኤልኢዲ መብራት ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ አንጠልጥሎ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ማብራት ነው። ሐምራዊ ብርሃን የሚረጨው ውድ መብራት አያስፈልግም። ጎረቤት ምን እያበቀላችሁ ነው ብሎ ይጠይቃችኋል እንጂ ሌላ ጥቅም አላየሁበትም።

ብርሃኑ መድረሱን ተክሏ ራሷ ትናገራለች። ጸጉሩ ከቀላ፣ ጠብታውም ከደመቀ ጥሩ ነው። ቅጠሉ ረዝሞ፣ ገርጥቶ፣ ደረቅ ከሆነ ብርሃን አንሷታል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ የማንበቢያ መነጽር ፈልጉ። እኔ የእናቴን ነው የተጠቀምኩት። መጀመሪያ ሁለት ክብ አረንጓዴ ቅጠሎች ይታያሉ፣ እነሱ ተራ ናቸው። ቀጣዩ ቅጠል ሲወጣ ግን የመርፌ ጫፍ በምታክል ቅጠል ላይ አምስት ወይም ስድስት ጸጉር ቆሟል፣ በእያንዳንዱም ላይ ጠብታ። እናቴ መነጽሯን ተቀብላኝ አየችና «ይቺ ገና ከመወለዷ ርቧታል ማለት ነው?» አለች። በትክክል።

ማብላት

አራት አምስት እውነተኛ ቅጠል ሲኖራቸው ለቤት ዓሦች የሚሰጠውን ደረቅ ምግብ ዱቄት አድርጋችሁ፣ በእርጥብ ስቴኪኒ ጫፍ ነካ አድርጋችሁ አንዲት ቅንጣት ቅጠሉ ላይ አኑሩ። በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል። ከበላችና ካልበላች ቡቃያ መካከል ያለው ልዩነት በሁለት ወር ውስጥ በዓይን ይታያል። ከበዛ ይሻግታል። እንግዳ ሁሉ ቤቴ መጥቶ «ቁርጥ አትሰጫትም?» ይላል። አልሰጣትም። ሥጋው ይበሰብስና ቅጠሉን ይዞ ይሄዳል።

እርጥብ አፈር ላይ ትንንሽ ጥቋቁር ዝንቦች ይመጣሉ። ትልቅ ድሮሴራ ከጎን ካለ እሷው ትለቅማቸዋለች። ችግሩ ትሎቻቸው ናቸው፣ ገና ሥር ያልሰደደ ቡቃያ ይነቅላሉ። ከረጢቱ ለዚህም ይጠቅማል። ቡቃያው አንድ ሴንቲሜትር ሳይሞላ አታዛውሩት። ስታዛውሩም ከነአፈሩ በስቴኪኒ አንሡት።

ታዲያ የቷን?

ቤታችሁ አዲስ አበባ ከሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ካፔንሲስ ይህንን ትችላለች፣ የኬፕ ክረምትም ቀዝቃዛ ነው። ቡርማኒን እዚያ ለመዝራት የምትፈልጉ በመጋቢት ዝሩና እስከ መስከረም ጨርሱ፣ ያውም ሙቀት በሚይዝ ክፍል ውስጥ። ድሬዳዋ ላይ ተቃራኒው ነው፣ እዚያ ቡርማኒ ትፈነጥዛለች። ውሃውን ግን አደራ። ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁም ቡርማኒን ከቤት ውስጥ፣ ከኤሲው ንፋስ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ መብራት ላለው ካፔንሲስና ስፓቱላታ እኩል ናቸው። መደርደሪያው ጠባብ ከሆነ ስፓቱላታ ታሸንፋለች። ብርሃን የሌለው ቤት ያለው ሰው ዘሩን ይተወውና የአዴላ ችግኝ ይፈልግ።

አንድ ብቻ ምረጪ ብትሉኝ፣ እኔ ሁለት ብርጭቆ ነው የምዘራው። ካፔንሲስ በአንዱ፣ ቡርማኒ በሌላው። ቡርማኒ ቶሎ ታሳያችኋለች፣ እሷ ስትሞት ካፔንሲስ ገና እየጀመረች ነው።

ከውጭ የሚመጣ ዘር በየአገሩ የመግቢያ ፈቃድና የጤና ማረጋገጫ ሊጠየቅበት ስለሚችል በሻንጣ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ። የመጣውን ዘር ወዲያው ካልዘራችሁት ደረቅ ወረቀት ውስጥ፣ ወረቀቱን በሚዘጋ ዕቃ፣ ዕቃውን ፍሪጅ ውስጥ። በዚህ ሁኔታ ዓመታት ይቆያል።

የራሳችሁን ስትሰበስቡ ደግሞ ቅዳሜን አትጠብቁ። የፍሬው ከረጢት ቡናማ ሆኖ ጫፉ መከፈት ሲጀምር ዘንጉን በመቀስ ቆርጣችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ገልብጡትና በጣት መታ መታ አድርጉት። እንደተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ይዘንባል። ወረቀቱን እጠፉና የዝርያውን ስምና ቀኑን ጻፉበት። በትልቁ ጻፉት። የእኛ ቤት ፍሪጅ ውስጥ የነበረው አንዱ ፖስታ እንቁላል ላይ ተነስንሶ ተበልቷል።